ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ
ያገለገለ ሚኒባስ ለሥራም ለቤትም ለሚገዙ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ገና አንድ ሰዓት ከሩብ። ጎፋ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ግቢ ውስጥ ነጭ ሃይሩፍ ሚኒባስ ገብቶ ቆሟል። ታጥቧል፣ ጎማው ጥቁር ተቀብቷል፣ ዳሽቦርዱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ደላላው ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ማንም ሳይጠይቀው "ሞተሩ ያልተነካ፣ ቀለሙ ኦሪጅናል" ይላል።

መካኒኩ ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው ሰው ናቸው። ቀለሙንም ጎማውንም ዞር ብለው አላዩም። በሩን ከፍተው የፊቱን ወንበር ገለበጡና ከሥሩ ያለውን ክዳን አነሱ፤ የዚህ መኪና ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በመዳፋቸው ጨበጥ አደረጉና ቀና አሉ።

"ይሄ ሞቋል።"

"እንዴ ጋሽዬ! ከመገናኛ እኮ ነው የመጣነው። ተሸክመን እናምጣው?"

"አትሸከሙት። ሰኞ ጠዋት ያደረበት ድረስ እኛ እንመጣለን። እስክንደርስ ማንም እንዳያስነሳው።"

ገዢዋ ፊቷ ላይ ቅሬታ ታየ። ለሆቴሎችና ለሱፐርማርኬቶች እንጀራ የምታከፋፍል፣ እስካሁን በቀን ኪራይ መኪና ስትሠራ የቆየች የሁለት ልጆች እናት ናት። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እንጀራ የሚጭን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ እሑድ ደግሞ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ለቅሶ ወይም ሰርግ የሚሄድ አንድ መኪና ትፈልጋለች።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ከመጣ አይቀር አስነስተን ብናየውስ?"

"ልጄ፣ የሞቀ የናፍታ ሞተር ሁሉ ጨዋ ነው" አሏት። "ጠባዩን የሚያወጣው በጠዋት ብርድ ነው።"

ያገለገለ ሚኒባስ ገበያ ውስጥ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። መኪናው ለገዢው የሚቀርበው ተዘጋጅቶ ነው፤ ገዢው ማየት ያለበት ግን ሳይዘጋጅ ያለውን ነው። የተሠራበት ዓመት፣ የቆጣሪው ኪሎ ሜትርና የቀለሙ ድምቀት ዋጋ ያስጨምራሉ እንጂ ዕድሜ አይነግሩም። ዕድሜውን የሚወስነው መኪናው ምን ሥራ ሲሠራ እንደኖረና ማን እንደያዘው ነው።

ያረጀው ለምን አይረክስም?

በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። እኛ ዘንድ ሃያ ዓመት የሠራ ሚኒባስ ባለቤቱ ከገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቶቹም የሚታወቁ ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች፣ ከሁሉም በላይ ብዙ ዓመት ባስቆጠሩት ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ናረ፤ የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎት ወጣ።

በዚህ ሁሉ መሐል ሀገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ሚኒባስ ታክሲ ሆኖ ሠርቶ፣ ተቀብቶ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሆኖ፣ ከዚያ ወንበሩ ወጥቶ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ አራተኛው ባለቤት ዘንድ ይደርሳል። ዋጋው ግን በየደረጃው ከፍ እያለ ስለሚሄድ ገዢው "ይህን ያህል ከጠራ ደህና ቢሆን ነው" ብሎ ይታለላል። በእኛ ገበያ ውድ መሆን የደህንነት ማስረጃ አይደለም።

የገበያው ንጉሥ ያለ ጥርጥር የቶዮታ ሃይኤስ ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን ሃይኤስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ መንገዶቻችንን የሞሉት በተለይ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ2004 የወጡት ትውልዶች ናቸው። ዶልፊን፣ አባዱላ፣ ሃይሩፍ እየተባለ በየስሙ ይጠራል። የሚወደድበት ምክንያት ከምቾቱ ይልቅ ሲበላሽ የሚሠራው ሰው አለመጥፋቱ ነው። መለዋወጫው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ በአዲስም በአሮጌም ይገኛል፤ ክፍለ ሀገርም ቢሆን የማያውቀው መካኒክ የለም።

ይህ ማለት ሌላ አትግዙ ማለት አይደለም። የቻይና ሥሪት ሚኒባሶችም ሆኑ የሱዙኪ ትንንሽ ቫኖች ለቀላል ጭነት የሚበቁ፣ በዋጋም የሚሻሉ ናቸው። ነገር ግን ከሻጩ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት መለዋወጫ ተራ ወርዳችሁ አምስት ነገር ጠይቁ፦ ራዲያተር፣ ፍሪሲዮን፣ ኢንጀክተር ወይም የነዳጅ ፖምፓ፣ የፊት መስታወትና የፊት ኩሽኔታ። አምስቱም በዚያው ቀን ካልተገኙ፣ መኪናው አንድ ቀን ለአንድ ዕቃ ብሎ ሳምንት ይቆማል። ለቤት መኪና ይህ መጉላላት ነው፤ ለሥራ መኪና ግን የደንበኛ ማጣት ነው።

መጀመሪያ ሥራችሁን ለኩ

ብዙ ገዢ መኪናውን ካየ በኋላ ሥራውን ከመኪናው ጋር ለማስማማት ይሞክራል። ተቃራኒው ነው የሚሻለው። ምን ትጭናላችሁ? ይከብዳል ወይስ ቦታ ይይዛል? እንጀራ ቦታ ይፈልጋል እንጂ አይከብድም፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ሃይሩፍ ይስማማዋል። ሴራሚክና ቀለም የሚያመላልስ ሰው ግን ጣሪያው ቢረዝምለት አይጠቅመውም፤ የሚያስፈልገው ባሌስትራው ያልደከመ፣ ሻንሲው ያልተጎዳ መኪና ነው።

ልኩንም በሜትር አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ትውልድ አጭሩ ወደ 4.7 ሜትር፣ ረጅሙ ወደ 5.4 ሜትር ይደርሳል። ጠባቡ 1.7 ሜትር ገደማ፣ ሰፊው 1.88 ሜትር ነው። ዝቅተኛው ጣሪያ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ሃይሩፉ ግን 2.28 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሕንፃዎች ከምድር በታች ያለው የመኪና ማቆሚያቸው መግቢያ ላይ የከፍታ ገደብ ተጽፎበታል፤ ሃይሩፍ የያዘ ሰው ከገደቡ በላይ ሆኖ ከመንገድ ዳር ቦታ ሲፈልግ ይውላል። የሰፈራችሁ መንገድና የግቢያችሁ በርም ይለካ። በየቀኑ ጠዋት ማታ የምትነዱት ከሆነ ሰባ ሳንቲ ሜትር የሚያህል ርዝመት ቀላል ነገር አይደለም።

ወንበርም ሌላ ጥያቄ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመቀመጫ ብዛትና የአገልግሎት ዓይነት መኪናው ከሚሠራው ሥራ ጋር መግጠም አለበት። ወንበር አውጥቶ ዕቃ መጫንም ሆነ የዕቃ መኪና ላይ ወንበር መግጠም በገዛ ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ለዕቃ ተሠርቶ በኋላ መስኮት የተቆረጠለት መኪና ካጋጠማችሁ የመስኮቱን ጠርዝና የወንበሩን ማሰሪያ ብሎኖች ከሥር ገብታችሁ እዩ። በስስ ላሜራ ላይ ብቻ የታሰረ ወንበር አደጋ ሲደርስ ከነተሳፋሪው ይነቀላል። ያ ወንበር ላይ ልጆቻችሁ እንደሚቀመጡ አትርሱ።

ሦስቱ ሞተሮች

የሃይኤስ ሞተር ቤተሰቡን ለማወቅ ኮፋኖ መክፈት አያስፈልግም፤ በፋብሪካው ታርጋ ላይ ያለው የሞዴል ኮድ ይናገራል። "ኤል ኤች" ብሎ የሚጀምር የኤል ቤተሰብ ናፍታ ሞተር ይዞ የወጣ ነው። "ኬ ዲ ኤች" ከሆነ ዲ ፎር ዲ ነው። "ቲ አር ኤች" ደግሞ ቤንዚን ነው። ኮዱ አንድ ብሎ ውስጡ ያለው ሞተር ሌላ ከሆነ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ግን ስም ሲዞር ይዞት የሚመጣው ጣጣ የገዢው ነው።

ከኤል ቤተሰብ በገበያው የሚፈለገው "ፋይቭ ኤል" ነው። 2,986 ሲሲ፣ ተርቦ የሌለው፣ ጉልበቱ 90 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዳገት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን አሠራሩ ቀላል ስለሆነ በየትኛውም ከተማ ይጠገናል። ጠላቱ ሙቀት ነው። ውኃ ጎድሎበት አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ እንደሆነ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ተበይዶ፣ ተላጎ፣ ተገጥሞ ለሽያጭ ሲቀርብ ከውጭ አይታወቅም።

የዲ ፎር ዲው ባለ ሦስት ሊትር ሞተር 2,982 ሲሲ ነው፤ በመጠን ከፋይቭ ኤል ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ተርቦ ያለው መሆኑና ነዳጁን ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒውተር ትእዛዝ መርጨቱ ነው። በዚህም ከ130 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ለረጅም መንገድም ለዳገትም የተሻለ ነው። ነገር ግን ቆሻሻ ነዳጅ አይወድም፤ ኢንጀክተሩም እንደ ድሮው በየጋራዡ የሚጠገን አይደለም።

ይህ ሞተር አንድ የታወቀ ድካም አለበት፤ ገዢ ሊያውቀው ይገባል። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ከሥሩ የመዳብ ቀለበት አለችው። የጣት ጥፍር የምታህል፣ ስስ፣ ርካሽ ዕቃ ናት። ቀለበቷ ስትደክም ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይገናኛል። ዘይቱ ይከስላል፤ ጥቁር አተላ ይሆናል። አተላው ወርዶ ከዘይት መያዣው ሥር ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት እያለው ዘይት ያጣል፤ አንድ ቀን ዳገት ላይ ይነክሳል። ጥቂት ብር የምታወጣ ቀለበት በጊዜዋ ስላልተቀየረች ሙሉ ሞተር ይጠፋል።

ሁለቱም የናፍታ ሞተሮች ታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ በኤል ሞተሮች በየ100,000 ኪሎ ሜትር፣ በዲ ፎር ዲ በየ150,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ያለበት ነው። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለው አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት፤ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ቤንዚኑ ጸጥ ያለና ቶሎ የሚነሳ ነው፤ በጠዋት ብርድ አያስቸግርም። በከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ቤተሰብ መልካም ነው። ቀኑን ሙሉ ጭኖ ለሚዞር ግን የነዳጅ ወጪው ትርፉን ይበላል።

የት ነው የኖረው?

የድሮ ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ገልጦ ያይ ነበር እንጂ የሻጩን ወሬ አይሰማም ነበር። የሚኒባስ ጥርስ ቆጣሪው ላይ አይደለም፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ጎማ፣ የመሪው ጠርዝ፣ የማርሹ እጀታ፣ የሾፌሩ ወንበር የግራ ጠርዝ፣ የተንሸራታቹ በር ሐዲድ ግን ይናገራሉ። ቆጣሪው 120,000 እያለ የፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ ወይም ገና ትናንት የተቀየረ አዲስ ከሆነ ቆጣሪውን ማመን አይቻልም። ተንሸራታች በር ከአንድ ታክሲ ላይ በቀን መቶ ጊዜ ይከፈታል፤ ከቤተሰብ መኪና ላይ ጥቂት ጊዜ። ከፍታችሁ ዝጉት፤ የሚንጠለጠል፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በጉልበት ካልተገፋ የማይዘጋ ከሆነ ብዙ ረዳት አልፎበታል።

በቆየው የሰሌዳ ሥርዓት ቀይ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊ ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴ ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት፣ ብርቱካናማው ኮድ 5 የድርጅት ነው። አገልግሎቱ ሲቀየር ሰሌዳውም ስለሚቀየር ዛሬ የተለጠፈው ሳይሆን የፋይሉ ታሪክ ነው የሚጠቅመው። ከተማ ውስጥ በታክሲነት የኖረ መኪና ሞተሩ ደህና ቢሆን እንኳ ፍሪሲዮኑ፣ ሁለተኛ ማርሹ፣ የፊት እግሩና በሩ ደክመዋል። ክፍለ ሀገር የሠራ መኪና ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ይኑረው እንጂ ሞተሩ በአንድ ፍጥነት ስለሚሠራ አንዳንዴ ከከተማው የተሻለ ነው። ትርፍ ጭኖ ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ሲመላለስ የኖረ እንደሆነ ግን ባሌስትራው ተኝቶ፣ የፍሬን ታምቡሩ በሙቀት ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ።

በጨረታ የሚወጡ የመንግሥትና የድርጅት መኪኖች አገልግሎታቸው በወረቀት የተመዘገበ መሆኑ መልካም ጎን ነው። መጥፎው ጎን ከጨረታው በፊት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ ላይ መቆማቸው ነው። የቆመ መኪና ጎማው ይሰነጠቃል፣ የዘይት መያዣ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ የነዳጅ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ ከመጫረታችሁ በፊት ይታወቅ።

አደጋ የደረሰበትን ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይበቃል። ላሜራው ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ የበዛበት ላይ ይወድቃል። መስታወቶቹን እዩ፤ ሁሉም ላይ ያለው ማኅተም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ ከተለየ ተቀይሯል። የፊት በሮቹ ብሎኖች ቀለማቸው ተልጦ እንደሆነ አስተውሉ። ጎማው ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ ለአስፋልት አይታመንም።

ሰኞ ጠዋት

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መካኒኩና ገዢዋ መኪናው ያደረበት ግቢ ደረሱ። ጎማዎቹ ላይ ጤዛ አለ። ሽማግሌው እንደገና ወንበሩን ገልብጠው ቱቦውን ነኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን አስገቡ፤ ውኃው አረንጓዴ ሳይሆን የዛገ ቡናማ ነው። የዘይት መለኪያውን አወጡ፤ በጥቁርነቱ አልተገረሙም፤ ናፍታ ዘይትን ያጠቁራል። በሁለት ጣታቸው መሐል አሽተው ወፍራም አተላ መኖሩን አሳዩአት።

"አስነሳው።"

ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ዞረ። ሲነሳ ኃይለኛ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ቃቃታው ግቢውን ሞላው። ቅዳሜ ዕለት ያልተሰማ ድምፅ ነበር። ደላላው "ብርድ ነው እኮ" አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡትም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱና ገልብጠው አፉ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ ዘለለ፤ ከቀዳዳው በትንፋሽ በትንፋሽ ጭስ ወጣ። ከዚያ በእጅ ባትሪ የኢንጀክተሮቹን ግርጌ አበሩ። ሁለቱ ዙሪያቸውን እንደ ሬንጅ ባለ ጥቁር ነገር ተከበዋል።

"ዲ ፎር ዲው ያቺን ቀለበት ለምኖ ለምኖ ሰሚ አጥቷል" አሏት።

ያም ሆኖ ፈተናው አልቀረም። ገዢዋ አምስት ኩንታል ጤፍ አስጭና ስለነበር መኪናው ባዶውን አልሄደም፤ ባዶ መኪና ሁሉ ዳገት ይወጣል። መንገዱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ተርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አይፈረድበትም። ውኃም እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ሞተር ሳይፈላ የሚሠራው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ከላላ ቆላ የማይፈላ መኪና ደጋ ላይ ይፈላል።

ነጩ ሃይሩፍ ዳገቱን አጋማሽ ላይ ሲደርስ የሙቀት መርፌው ከመሐል ተነስቶ መውጣት ጀመረ። ቆሙ። ቁልቁል ሲመለሱ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይነካ። ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል ወይ? ማርሹ ይዘላል ወይ? ታች ሲደርሱ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጉ፤ የኋላው ግራ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት ነበረበት፤ እየተንገዳገደ መሥራቱን ቀጠለ። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

"ማዘር፣ ዋጋው ላይ እንነጋገር" አለ ደላላው።

"ይሄን ብትገዢ በሁለት ወር ውስጥ ሞተር ትገዢያለሽ" አሏት ሽማግሌው፤ "ሞተርና መኪና ለየብቻ መግዛት አቅምሽ ከፈቀደ ውሰጂው።"

አልወሰደችውም። በኋላ የገዛችው ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ፋይቭ ኤል ነው። የኋላ መብራቱ ስንጥቅ አለበት፤ ወንበሩ አሮጌ ሸራ ለብሷል። ባለቤቱ ዳቦ ቤት አለው፤ ለራሱ ሥራ ሲነዳው የኖረ ሰው ነው። ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ደብተር ነበር፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ቺንጋው፣ ራዲያተሩ የታጠበበት ጊዜ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሽማግሌው ደብተሩን ገልጠው ካዩ በኋላ ነው ወንበሩን ያነሱት። ጣሪያው ዝቅ በማለቱ እንጀራውን በሁለት ዙር ታመላልሳለች፤ ነገር ግን መኪናው ከቢሮዋ ሕንፃ ሥር ገብቶ ይቆማል።

ወረቀቱም ሞተር ነው

መኪናው ተፈትሾ ካለፈ በኋላ የሚያጣላው ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከፊታችሁ ከቆመው ሰው መታወቂያ ጋር ይግጠም። "በውክልና ነው የምሸጠው" የሚል ሲያጋጥም ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና አለመሻሩን ሰነዱን ከሰጠው ተቋም አረጋግጡ። ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አነጻጽሩ፤ ፎቶም አንሱ። የሻንሲ ቁጥሩ አካባቢ የተበየደ፣ የተፋቀ ወይም ብቻውን አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ድርድሩን አቁሙ።

ፋይሉ ባለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት መኪናው ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነፃ መሆኑን ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። የዓመቱ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉንና የሦስተኛ ወገን መድኑ መኖሩን እዩ፤ ሁለቱም በሕግ ግዴታ ናቸው። ቦሎ መኖሩ ግን መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ባለፈው ምርመራ ቀን አለፈ ማለት ብቻ ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩ ስምምነት፣ ካልሆነ ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ስለሚጠየቅ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ውል ለመፈራረም የተያዘ ቀን በዚህ ምክንያት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ይታያል። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርሙ፤ ስሙንም ወዲያው አዙሩ። ስሙ ያልዞረ መኪና አደጋ ቢያደርስ ጣጣው ለሻጩም ለገዢውም ይተርፋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል። ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በተግባር ግን ብዙ ውል ላይ "አይቼ፣ መርምሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ" የሚል ሐረግ ይገባል። ከፈረማችሁ በኋላ ይህ ሐረግ ክርክሩን ያከብድባችኋል። ሻጩ በቃል የተናገረው ነገር፣ "ሞተሩ አልወረደም" ወይም "አደጋ አልደረሰበትም" ያለው ካለ፣ ውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቁ። እውነት የተናገረ ሰው ለመጻፍ አያቅማማም።

ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለመኪናው አትክፈሉ። ቢያንስ የዋጋውን አሥር በመቶ ያዙ፤ በገዛችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን፣ የዘይትና የነዳጅ ፊልትሮውን፣ ቺንጋውን፣ የራዲያተሩን ውኃና ክዳን፣ የፍሬን ሸራውን የምታስቀይሩበት ነው። ዲ ፎር ዲ ከገዛችሁ የኢንጀክተር ቀለበቶቹን ጨምሩበት። ለሥራ የገዛችሁት መኪና የሚያተርፈው ሳይቆም ሲሠራ ብቻ ነው።

ከዚያም ደብተር ግዙ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፤ ደረሰኙን አያይዙበት። ያገለገለ መኪና ገበያችን በወሬ የሚመራው የተጻፈ ነገር ስለጠፋ ነው፤ እናንተ ስትሸጡ ደብተሩን አብራችሁ ስጡ፣ ስትገዙም ደብተር የሌለውን መኪና በዋጋ ቅጡት።